ኢንሱሊኑን ትምህርት ቤት ማን ይስጥ፦ ልጁ ራሱ ወይስ ነርሷ?

የስኳር ሕመም ያለባቸው ልጆች ወላጆች እዚህ ላይ ለሁለት ይከፈላሉ።

ልጁ ራሱን ሲወጋ፦ ከምሳ በፊት እዚያው የደም ስኳሩን ይለካል፣ ይወጋል፣ ከጓደኞቹ ጋር ይበላል። ስጋቱ መጠን መሳሳት ነው። በጨዋታ መሃል መርሳትም አለ።

ነርሷ ስትሰጠው፦ መጠኑ ይረጋገጣል፣ ይመዘገባል። ግን እሷ በሌለች ቀንስ?

የደም ስኳሩ ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲወርድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ግራ ይጋባል። ያኔ ጎበዝ የሚባለው ልጅም ብቻውን አይተው፤ ወደ ነርሷ ክፍልም ብቻውን አይላክ! መዋጥ ከቻለ 15 ግራም ቶሎ የሚሠራ ስኳር እዚያው ይውሰድ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና ይለካ።

ለትንንሾችና ሕመሙ በቅርቡ ለተገኘባቸው ነርሷ ትሻላለች። መጠኑን አስልቶ የሚያውቅ ታዳጊ ራሱን ይውጋ፤ መምህሩ ግን ምልክቶቹን ይወቅለት።