በባሕር ዳር የጀልባ ናፍጣ መስመር ያደሰልን ጋራዥ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ ገዳማት ጎብኚዎችን የምታመላልሰው ጀልባችን ሞተሯ ያለ ችግር ይነሣና ሐይቁ መካከል ሲደርስ ጉልበት እያጣ ይጠፋ ነበር። ቀደም ብለው ያዩልን ባለሙያዎች ፊልትሮ ከመቀየርና መገጣጠሚያውን ማስቲሽ ከመቀባት ስላላለፉ ብልሽቱ ተመልሶ ይመጣ ነበር። በመጨረሻ ሥራውን የሰጠነው በሐይቁ ዳርቻ ለሚገኝ አነስተኛ ጋራዥ ነው፤ አሠራሩን ሌሎች የጀልባ ባለቤቶችም ቢያውቁት እወዳለሁ።

ሜካኒኩ መፍቻ ከማንሣቱ በፊት የጠየቀው ሞተሩ የሚጠፋው ሰርባቶዮው (የናፍጣ ታንኩ) ሲጎድል ብቻ እንደሆነ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ናፍጣው ሲጎድል ፖምፓው አጥብቆ ስለሚስብ አየር በቀላሉ ይገባል። ከሰርባቶዮው እስከ ፖምፓው ያለው መስመር ናፍጣውን በመሳብ ስለሚያመጣ፣ በዚያ በኩል የላላ መገጣጠሚያ ካለ ሞተሩ ሲሠራ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ ናፍጣ ወደ ውጭ ላይንጠባጠብ ይችላል፤ ስለዚህ እርጥበት ብቻ የሚፈልግ ሰው ምንም ሳያገኝ ይመለሳል። እርሱ ግን ከፖምፓው በፊት አጭር፣ ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ አስገብቶ ሞተሩን አስነሣ፤ ጥቃቅን አረፋዎች ተከታትለው ሲያልፉ ሁላችንም አየን። ቱቦውን ደረጃ በደረጃ ወደ ሰርባቶዮው እያቀረበ ሲፈትሽ፣ ውኃ መለያውን ፊልትሮ ካለፈ በኋላ አረፋው ጠፋ። ቀዳዳው የፊልትሮው ቡሎን ሥር ነበር፦ የመዳብ ሮንዴላው (ከቡሎኑ ሥር የሚገባው ማሸጊያ ቀለበት) ደጋግሞ ከመጥበቁ የተነሣ ጠንክሮና ተጨፍልቆ አንድ ጎኑ ተሰንጥቋል።

ሮንዴላዎቹን በሙሉ በአዲስ ቀየረ። በመገጣጠሚያዎቹ ጥርሶች ላይ ተጠቅልሎ የነበረውን የቧንቧ ሠራተኛ ነጭ ቴፕ አንድ በአንድ ለቅሞ አወጣ፤ የቴፑ ብጣሽ ወደ ፖምፓውና ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ወደሚረጨው ኖዝል ሄዶ ሊደፍን ስለሚችል፣ በምትኩ ናፍጣ የማያሟሟው ፈሳሽ ማሸጊያ ተጠቀመ፤ የመጀመሪያውን ጥርስ ግን ባዶ ተወው። የደረቀውን የላስቲክ ቱቦ በአዲስ ለውጦ ጫፎቹን በፋሼታ (በብረት ማሰሪያ) አሰረ። ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ ወደ ኖዝል የሚሄደውን፣ ላብ የሚመስል እርጥበት የያዘውን የብረት ቱቦ «በዚህ ግፊት ብየዳ አይታመንም» ብሎ ለመበየድ እምቢ ማለቱ ነው። ፍንጣቂውንም የፈለገው በካርቶን እንጂ በእጁ አልነበረም፤ እዚያ የሚረጨው ናፍጣ ቆዳ ሰንጥቆ የሚገባ ነውና።

ጉድለቱም ይነገር። አይ ኤስ ኦ 7840 የሚል የዓለም አቀፍ ደረጃ ምልክት የታተመበት፣ እሳት የሚቋቋም የጀልባ ነዳጅ ቱቦ በጋራዡ ስላልነበረ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ጀልባዋ ቆመች። የተለወጡት ዕቃዎች ዝርዝርም በጽሑፍ አልተሰጠንም፤ እኔ እስክጠይቅ ድረስ አሮጌዎቹም አልታዩም።

ይሁን እንጂ ከጥገናው በኋላ ሞተሩ በጉዞ መካከል አልጠፋም፤ ከጀልባዋ ወለል ሥር የሚቀዳው ውኃም የናፍጣ ሽፋን አይታይበትም። ያ ውኃ የሚደፋው ዓሣ አጥማጆች መረብ ወደሚጥሉበት ጣና ስለሆነ፣ ይህ ለእኔ ከሞተሩ ጉልበት አያንስም። ለናፍጣ መስመር ሥራ ጋራዡን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ቱቦውን ግን አስቀድማችሁ ገዝታችሁ ሂዱ።