ባለማይክ የጆሮ ማዳመጫ ወይስ የጠረጴዛ ማይክ? ለፖድካስትና ለቀጥታ ስርጭት የትኛው ይሻላል

ፖድካስት ለመጀመር ያሰበ ሰው በአብዛኛው ዩቲዩብ ላይ ያየውን ዕቃ ይዞ መግዛት ይፈልጋል፤ ከጠረጴዛ የሚነሳ ክንድ፣ ጫፉ ላይ ትልቅ ጥቁር ማይክ። ብዙ ጊዜ ያ ማይክ ሹር ኤስኤም7ቢ ነው። ድምፁ በእርግጥ ግሩም ነው። ግን ያን ድምፅ የሚሰጠው ተናጋሪው አፉን ከማይኩ ሳያርቅ ሲቀመጥና ድምፁን ቢያንስ 60 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) የሚያጎላ መሣሪያ ሲኖረው ነው። የስፖርት ጋዜጠኞች ደግሞ ከስታዲየም የሚያስተላልፉት አንገታቸውን ወዲያ ወዲህ እያዞሩ፣ በደጋፊ ጩኸት መሃል ሆነው ነው። ስለዚህ ማይኩን ከጆሮ ማዳመጫው ጋር ራሳቸው ላይ ያጠልቁታል። ይህ የእነሱ መፍትሔ ቤት ውስጥ ለሚቀዳ ፖድካስትም ብዙ ሰው ከሚገምተው በላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱ ርቀት ነው። በአፍና በማይክ መካከል ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፁ 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ የግድግዳው ማስተጋባትና የጎረቤት ጄኔሬተር ግን እንዳሉ ይቆያሉ። ከማይኩ በ10 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ የጀመረ እንግዳ ጨዋታው ሲጥመው ወደ ወንበሩ ተደግፎ ርቀቱ 40 ሴንቲሜትር ቢደርስ 12 ዴሲቤል ያህል ይጠፋል። በኋላ ድምፁን ከፍ ሲያደርጉለት ጄኔሬተሩም አብሮ ከፍ ይላል። ሐምሌ ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የቀዳ ሰው ይህን በሚገባ ያውቀዋል። ራስ ላይ የተጠለቀ ማይክ ግን እንግዳው ቢስቅም፣ ቢዞርም፣ ወረቀት ለማንሳት ቢያጎነብስም አብሮት ይሄዳል።

ሁሉም ባለማይክ ማዳመጫ ግን አንድ አይደለም። መጀመሪያ የሚለየው ከሁለቱ የማይክ ዓይነቶች የትኛው፣ ዳይናሚክ ወይስ ኮንደንሰር፣ መሆኑ ነው። ዳይናሚኩ የሩቅ ድምፅ ብዙም አያነሳም፤ ለጫጫታ ቦታና ማስተጋባቱ ላልታፈነ ክፍል የሚመረጠው እሱ ነው። ኮንደንሰሩ ጥርት ያለና ዝርዝር የሚያሳይ ድምፅ ይሰጣል፤ ጸጥ ያለ ስቱዲዮ ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ የስርጭት ሞዴሎችም ከሚክሰሩ (ድምፆችን ከሚያዋህደው መሣሪያ) ፋንተም ኃይል፣ ማለትም በማይኩ ኬብል የሚላክ ኤሌክትሪክ፣ ካላገኙ አይሠሩም። ቤየርዳይናሚክ ሁለቱንም ያመርታል፤ ዲቲ 290 ዳይናሚክ፣ ዲቲ 297 ኮንደንሰር ነው። ስማቸው ስለሚቀራረብ በጥንቃቄ ይዘዙ።

ለጀማሪ የማቀርበው ኦዲዮ ቴክኒካ ቢፒኤችኤስ1ን ነው። ዳይናሚክ ነው፤ ማይኩ በግራም በቀኝም ይዞራል፤ ኬብሉ ጫፉ ላይ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ በኤክስኤልአር (ባለሦስት እግር የማይክ መሰኪያ) ወደ ማይክ መግቢያ፣ ሌላው በ6.35 ሚሊሜትር ሶኬት ወደ ማዳመጫ መውጫ ይሰካል። ተራ ሚክሰር ወይም ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒውተር የሚያገናኝ መሣሪያ) ያለው ሰው ሌላ ማገናኛ ሳይፈልግ ይጀምራል። ሴንሃይዘር ኤችኤምዲ 26 ከዚህ አንድ ደረጃ ከፍ ይላል፤ ድንገተኛ ከፍተኛ ጩኸት ጆሮ እንዳይጎዳ የሚገድብ ጥበቃ አለው። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ለብሶ ለሚውል የስርጭት ባለሙያ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሴንሃይዘርና የቤየርዳይናሚክ አንዳንድ ሞዴሎች ግን ኬብላቸው ለብቻው ይሸጣል። ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ የሚያስመጡ ከሆነ ኬብሉ መካተቱንና ጫፉ ከእርስዎ ሚክሰር ጋር መግጠሙን ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይላኩ። ዕቃው ደርሶ ሳጥኑ ውስጥ መሰኪያ ሲጠፋ መመለሻ የለውም።

በስልክ ወይም በላፕቶፕ ብቻ ለሚሠራ ሰው በ3.5 ሚሊሜትር የሚሰካው ሮድ ኤንቲኤች 100ኤም ይቀላል። የብሉቱዝ ማዳመጫ ለዚህ ሥራ አይሁን። ማይኩ ሲከፈት አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ወደ ስልክ ጥሪ ጥራት ይወርዳል፤ ለጨዋታም ለስብሰባም የሚበቃው ለአድማጭ አይበቃም።

አቀማመጡን ካላወቁበት የትኛውም ዋጋ አያድንም። ማይኩ ፊት ለፊት ከከንፈር ላይ ከተቀመጠ ‹‹ፖሊስ››፣ ‹‹ፓርላማ››፣ ‹‹ፌዴሬሽን›› ባሉ ቁጥር ትንፋሹ ይመታዋል፤ ዜና አንባቢ ደግሞ እነዚህን ቃላት በደቂቃ ስንቴ ይላቸዋል! ወደ አፍ ዳር፣ ከከንፈር ሁለት ጣት ያህል ራቅ አድርገው ትንፋሽ ከሚሄድበት መስመር ያውጡት። ስፖንጁን አያውልቁ። አጭር ቀድተው ያዳምጡ፤ ጉንጭ ወይም ጺም የሚነካው ከሆነ ፍትግትግ የሚል ድምፅ ይሰማዎታል።

የጠረጴዛው ማይክ የሚያሸንፍበትም አለ። ወፈር ያለ፣ ሞቅ ያለ ድምፅ ከፈለጉ ትልቁ ማይክ ይበልጣል። ቪዲዮ ላይ ሹሩባዋን አሳምራ የመጣች ወይም ሻሽ ያሰረች እንግዳ ማዳመጫ እንድታጠልቅ መጠየቅ አይመችም። ረጅም ጨዋታ ላይ ጆሮ ይሞቃል። እንግዳ በተቀያየረ ቁጥር ስፖንጅና የጆሮ ትራስ መጽዳት አለባቸው፤ መለዋወጫ አብሮ መግዛት ይገባል። ማስተጋባቱ በደንብ በታፈነ ክፍል ውስጥ ብቻዎን የሚተርኩ ከሆነም እንደ ሳምሰን ኪው2ዩ ያለ፣ በዩኤስቢም በኤክስኤልአርም የሚሠራ ዳይናሚክ ማይክ በአነስተኛ ወጪ ይበቃዎታል።

ሁለት ሆነው ሳሎን ውስጥ የሚጨዋወቱ፣ ከሜዳ የሚያስተላልፉ፣ ሚክሰሩን ራሳቸው እየነካኩ ፕሮግራም የሚመሩ ግን ዳይናሚክ ባለማይክ ማዳመጫ ይግዙ። ሱቅ ውስጥ ሲሞክሩት ዝም ብለው ‹‹ሄሎ›› አይበሉ፤ ከመንገዱ አቅጣጫ ቆመው አንገትዎን እያዞሩ አንድ ሙሉ አንቀጽ ያንብቡ፣ ቅጂውንም ቤት በሚጠቀሙበት ማዳመጫ ይስሙት።