የድሮ ዲኤክስ ላይ ሶኬቱ የማይገጥም ዲናሞ ማስገጠም፦ መሃል አዲስ አበባ ላይ ማን አበላሸው፣ ማን አስተካከለው

ለዕረፍት አገር ቤት ገብታችሁ ቤተሰብ ያቆየውን የድሮ መኪና ለማስነሳት ካሰባችሁ፣ ጋራዥ ከመግባታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። መኪናው ባለ ካርቡሬተር ኮሮላ ዲኤክስ ነው። የቀድሞው ዲናሞ ሬጉሌተሩ (ቮልቱን የሚቆጣጠረው ክፍል) ለብቻው ቦዲ ላይ የሚታሰር ዓይነት ነበር። በምትኩ የገባው ሬጉሌተሩን በውስጡ የያዘ፣ ሶኬቱም ጨርሶ የማይመሳሰል የዴንሶ ሥሪት ዲናሞ ነው። በግማሽ ቀን ማለቅ የነበረበት ሥራ አምስት ቀን ፈጀ፤ ሁለት ሳምንት ለማይሞላ ዕረፍት አምስት ቀን ብዙ ነው።

ዕቃው የተገዛው ያገለገሉ የመኪና ዕቃዎች ከሚሸጡበት ከሶማሌ ተራ ሲሆን በሻጩ ቅሬታ የለኝም። ዲናሞውን በእጄ አዙሬ የኩሽኔታውን ድምፅ እንድሰማ፣ በቴስተርም እንድለካ ፈቅዶልኛል። ቴስተሩን ዳዮድ ላይ አድርጋችሁ ቀዩን ጫፍ የዲናሞው ቦዲ ላይ፣ ጥቁሩን ኃይል ወደ ባትሪው የሚወጣበት ትልቁ የቢ ቡሎን ላይ ስታደርጉ ወደ 0.8 ወይም 1 ቮልት ገደማ ማሳየት አለበት፤ ስታገላብጡት ምንም ማሳየት የለበትም። በሁለቱም በኩል ካስተላለፈ፣ በአንድ በኩል ብቻ ማስተላለፍ የነበረበት ዳዮዱ ተቃጥሏል፣ ተዉት። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ተናገሩ፦ ሶኬቱን ከሥሩ ሳይሆን ቢያንስ አንድ ስንዝር ሽቦ አስከትለው ይቁረጡላችሁ። ሶኬቱ ከሌለ መካኒኩ ባዶ ሽቦ ፒኑ ላይ ይጠመጥማል፤ ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ይወልቃል። ፑሌጃውንም ከአሮጌው ጋር አስተያዩ፤ ባለ አንድ ቦይ ቺንጋ ባለ ብዙ ጥርስ ፑሌጃ ላይ አይሄድም።

አሁን ወደሚያንገበግበው ልምጣ። ከስታዲየም ብዙ የማይርቅ፣ ስሙን የማልጠራው ጋራዥ ነው። ዋጋ በቃል ተስማማን። ሠራተኛው የድሮውን ሶኬት ቆርጦ ጣለ፣ ከአዲሱ ዲናሞ ሦስት ሽቦዎች (አይጂ፣ ኤል፣ ኤስ) አይጂ እና ኤል የሚባሉትን ሁለቱን አንድ ላይ ጠምዞ ቁልፍ ሲከፈት ኃይል ከሚያገኘው ሽቦ ጋር አሰረ፣ በናስትሮ ጠቀለለ፣ ኤስን ባዶውን ተወው። “ሁለቱም የቁልፍ መብራት ነው የሚፈልጉት፣ ወንድሜ” አለ። አይደለም። አይጂ ቁልፍ ሲከፈት ሬጉሌተሩን የሚቀሰቅስ 12 ቮልት ይፈልጋል። ኤል ግን ከዳሽቦርዱ የባትሪ መብራት ይመጣል፤ ሞተሩ ሳይነሳ ሬጉሌተሩ ኤልን በውስጡ ወደ ግራውንድ ይስበዋል፣ መብራቱ የሚበራውም ለዚህ ነው። አምፖሉ በመሃል ሆኖ ኃይሉን ይገድበዋል። አምፖሉ ተዘሎ ሙሉ 12 ቮልት በቀጥታ ኤል ላይ ሲገባ፣ ያ ሁሉ ኃይል በሬጉሌተሩ ውስጥ ባለችው ትንሽ ትራንዚስተር ያልፋል። ቁልፉ ተከፈተ፣ ሬጉሌተሩ ሄደ።

ከዚያ የተባለው “ከሶማሌ ተራ ያመጣኸው ኮተት ነው” ነው። ሌላ ሬጉሌተር ራሳቸው አስመጡ፣ ዋጋው ሙሉው ዲናሞ ከተገዛበት ብዙ አላነሰም። የወጣውን ለማየት ስጠይቅ “ተጥሏል” አሉ። በሁለተኛው ሙከራ ኤልን ከመብራቱ ጋር በትክክል አገናኙት፤ አይጂን ግን ቁልፉን አልፈው ከባትሪው ጋር በቀጥታ አሰሩት። ሞተሩ ሲነሳ በእርግጥ ቻርጅ ያደርጋል። ቁልፍ ተዘግቶም ግን ሬጉሌተሩ ነቅቶ ሌሊቱን ሙሉ ከባትሪው ይመጥጣል። ጠዋት ሞተሪኖው ጠቅ ብሎ ቀረ። ይህን ደግሞ “ባትሪህ አርጅቷል” ብለው ባትሪ ሊሸጡልኝ ፈለጉ። በመጨረሻ የተጠየቀው የእጅ ዋጋ መጀመሪያ ከተባለው እጥፍ ነበር፤ “ሁለት ጊዜ ነው የሠራነው” በሚል ምክንያት። ራሳቸው ያበላሹትን መልሰው ስለነኩ!

በምኖርበት በኦንታርዮ ጋራዥ በጽሑፍ ከሰጠው ግምት ከ10 በመቶ በላይ መጨመር በሕግ ተከልክሏል፤ አሮጌው ዕቃም ለባለቤቱ ይመለሳል። ይህን የምለው አገሬን ለማሳነስ አይደለም። እዚያ እንዲህ ያለ ዲናሞ ፈትቶ ካርቦኑንና ኩሽኔታውን የሚቀይር ሰው ማግኘት ከባድ ነው፤ ሙሉውን ይጥሉታል። ሙያው እዚህ አለ። የጎደለው በወረቀት ላይ የሰፈረ ውል ነው፤ እናንተ ግን ብትጠይቁ ይጻፍላችኋል፣ ጠይቁ።

ተክለሃይማኖት አካባቢ በቆርቆሮ ጥላ ሥር የሚሠሩት ሽማግሌ ኤሌክትሪሺያን ዘንድ የደረስኩት በጎረቤት ምክር ነው። “ጋሼ፣ ይሄ ይስተካከላል?” ስላቸው መጀመሪያ ያደረጉት የባትሪውን ኔጌቲቭ መፍታት ነበር። ከዚያ የሽቦ ቀለም ሳያምኑ እያንዳንዱን በቴስተር ለኩ። ቦዲ ላይ የታሰረው የድሮው ሬጉሌተር ሶኬት ስድስት ሽቦ አለው፦ አይጂ፣ ኤል እና ቢ ከመኪናው የሚመጡ ናቸው፤ ኤፍ፣ ኤን እና ኢ ወደ ድሮው ዲናሞ የሚሄዱ። አዲሱ ዲናሞ የሚፈልገው የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን ነው፤ አይጂ ወደ አይጂ፣ ኤል ወደ ኤል፣ ቢ ወደ ኤስ። ስለዚህ አሮጌውን ሬጉሌተር አውጥተው እዚያው ሶኬቱ ላይ አይጂን ከኤፍ፣ ኤልን ከኤን ጋር አገናኙ፤ ነባሩ ሽቦ ራሱ እስከ ዲናሞው አደረሳቸው። ኢን ግን አልነኩትም። በመንገዱ የሆነ ቦታ ከቦዲ ጋር ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል፣ ቢን እሱ ላይ ማሰር ሾርት ነው። ለኤስ አዲስ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ በ7.5 አምፒር ፊውዝ አሳልፈው ከባትሪው ፖዘቲቭ በቀጥታ ሳቡ። ኤስ የባትሪውን እውነተኛ ቮልት ለሬጉሌተሩ የሚናገር ሽቦ ነውና ከዲናሞው ጀርባ ይልቅ ከባትሪው ቢነሳ ይሻላል።

ሌላው ጋራዥ ጨርሶ ያላየው ወፍራሙን የቢ ሽቦ ነው። የድሮው ዲናሞ አቅሙ አነስተኛ ስለነበር ሽቦውም ቀጭን ነበር፤ አዲሱ 70 አምፒር ነው። ጋሼ በ16 ሚሊሜትር ካሬ ቀየሩት፣ ባትሪው አጠገብ የ80 አምፒር ፊውዝ አስገቡ። መገናኛዎቹ ሁሉ በካፖኮርዳ (የሽቦ ጫፍ ላይ በሚጨመቅ ብረት) ተጨምቀው ሲሞቅ በሚጣበቅ ቱቦ ተሸፈኑ። ናስትሮ ሞተር አጠገብ ሙጫው ይቀልጣል፣ ከወራት በኋላ ተገልጦ ሽቦ ከቦዲ ይነካል። በሦስት ሰዓት ጨረሱ፤ መጀመሪያ የተናገሩትን ዋጋ አንድ ብር አልጨመሩም።

ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ራሳችሁ ለኩ፣ ቴስተር ርካሽ ነው። ሞተሩ ሳይነሳ ባትሪው ላይ ከ12.4 እስከ 12.7 ቮልት። ተነስቶ ከ13.8 እስከ 14.5። የፊት መብራትና የንፋስ ማራገቢያው በርቶ ጋዝ ትንሽ ተሰጥቶ ከ13.5 መውረድ የለበትም። እንደዚሁ በርቶ ከዲናሞው ቢ እስከ ባትሪው ፖዘቲቭ ስትለኩ ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ወይ ሽቦው ቀጥኗል ወይ መገናኛው ላልቷል። ቁልፉ ሲከፈት የባትሪው መብራት መብራት፣ ሞተሩ ሲነሳ መጥፋት አለበት። ከመጀመሪያውም ካልበራ አምፖሉን እዩ፤ አንዳንድ ጋራዥ ኤልን ቆርጦ ትቶት ሊሆን ይችላል።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ጫፍ ነቅሎ “አየህ፣ ዲናሞው ይሠራል” የሚል ሰው ካገኛችሁ እጁን ያዙት። ባትሪው ሲነቀል ቮልቱ በድንገት ይዘላል፣ ዳዮዱንና ሬጉሌተሩን ይዞ ሊሄድ ይችላል። የስታዲየሙ ጋራዥ ይህን በሁለቱም ቀን ሁለት ሁለት ጊዜ አድርጓል፤ የመጀመሪያውን ቀን ባየሁ ጊዜ ነበር መውጣት የነበረብኝ።

ተመልሳችሁ ስትሄዱ መኪናው መቆሙ ስለማይቀር ለሚጠብቅላችሁ ሰው ባለ 10 ቁልፍ ስጡና ኔጌቲቩን ማላቀቅ አሳዩት፤ በየሁለት ሳምንቱ አስሮ ግማሽ ሰዓት ያስነሳው።