ላሊበላ ሄዳችሁ ይምርሐነ ክርስቶስን ሳትሳለሙ እንዳትመለሱ

ላሊበላ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። ዋሻ ውስጥ ያለውን የይምርሐነ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን የተሳለምኩት ግን በሦስተኛው ነው፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከከተማው 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ጠጠርና አቧራ ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና ያዙ፣ ከመነሳታችሁ በፊት ደግሞ ሰላም መሆኑን ከተማው ውስጥ ጠይቁ።

መኪናው ከሚቆምበት በጽድ ጫካ መሃል በደረጃ ሽቅብ ነው። ደጋ ስለሆነ ትንፋሽ ያሳጥራል። እናቴ ዱላዋን ይዛ፣ በየመሃሉ እያረፈች ወጥታዋለች፣ ስለዚህ አዛውንት አለን ብላችሁ አትቅሩ። ዋሻው አፍ ላይ ኋላ የተሠራ ግንብ አለ። ከውጭ ሲያዩት ምንም አይመስልም።

በሩን ስታልፉ ነው ጉዱ። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ላሊበላዎቹ ከዓለት የተፈለፈለ አይደለም፣ ዋሻው ሆድ ውስጥ የታነፀ ነው። አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ ከዚያ ደግሞ እንጨት እያለ ይወጣል፣ የአክሱም አሠራር ነው። ያሳነፀው ከቅዱስ ላሊበላ በፊት የነገሠው፣ ንጉሥም ካህንም የነበረው ቅዱስ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው። መቃብሩም እዚያው ዋሻው ውስጥ ነው። ውስጡ ስለሚጨልም ባትሪ ያዙና ቀና ብላችሁ ጣሪያውን እዩ፣ እንጨቱ ላይ ያለው ቅርጽና ቀለም አንገት እስኪያም ያስቆማል። እናቴ ጫማዋን አውልቃ የበሩን መቃን ከሳመች በኋላ ግንባሯን እንጨቱ ላይ እንዳሳረፈች ቆየች፣ እኔም ዝም ብዬ ጠበቅኳት።

ከጀርባው የብዙ ሰው አፅም አለ። አንዳንዱ ቆዳው እንኳ አልጠፋም። በትውፊት ከሩቅ አገር ሊሳለሙ መጥተው እዚያው ያረፉ ምእመናን ናቸው ይባላል። አጠገባቸው ቆሞ ሰልፊ የሚነሳ ሰው አይቼ በጣም አዘንኩ። እባካችሁ ካሜራችሁን አስቀምጡ፣ የሰው አስከሬን ነው።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር የሾፌራችን ጥድፊያ ነው። «አንድ ሰዓት ይበቃችኋል» ብሎ ከታች ክላክስ ሲነፋብን ነበር። ከመከራየታችሁ በፊት ሙሉ ቀን ብላችሁ ተዋዋሉ፣ በጠዋትም ውጡ።

እናቴ ለጥቅምት 19 ንግሥ እንመለስ ብላኛለች። ትኬት ማየት ጀምሬያለሁ።