ፖሊስ ለመሆን የት እንማር? ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይስ የኦንላይን ትምህርት ቤት

ልጁ ፖሊስ መሆን የፈለገ ዘመድ ሁሉ የሚደውለው ለእኔ ነው። ምክንያቱ በታናሽ ወንድሜ ላይ የደረሰው ነገር ነው። እዚህ አሜሪካ ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ አሌክሳንድሪያም ሲልቨር ስፕሪንግም ያለ ወዳጅ ያውቀዋል። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ አንዲት እናት ያዙኝ። «ልጄ ክሪሚናል ጀስቲስ፣ ያ የወንጀልና የፍትሕ ትምህርት፣ ካልተማርኩ አለች። የኦንላይኑ ትምህርት ቤት በቀን ሦስት ጊዜ ይደውልላታል። አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ።

የምለው አንድ ነው። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመቱ የሕዝብ ኮሌጅ፣ ትግባ።

ከዋጋው ልጀምር። እኛ አካባቢ ያለው ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው፤ ሁላችንም ኖቫ የምንለው። ለቨርጂኒያ ነዋሪ አንድ ክሬዲት (ትምህርቱ የሚለካበት አሃድ) ወደ 200 ዶላር ይጠጋል። የሁለት ዓመቱ ዲግሪ 60 ክሬዲት አካባቢ ነው። ሲባዛ 12 ሺህ ዶላር ገደማ ይመጣል። ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ግን ለነዋሪ እንኳ በዓመት ከ13 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ያውም ማደሪያና ምግብ ሳይቆጠር። ሜሰን ለአንድ ዓመት በሚጠይቀው ገንዘብ ኖቫ ሁለቱን ዓመት ያስጨርሳል።

ያንንም 12 ሺህ ቢሆን ብዙው የእኛ ቤተሰብ ከኪሱ አይከፍለውም። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ይሞላል። ገቢው ዝቅተኛ ከሆነ ፔል ግራንት የሚባል የመንግሥት ድጋፍ ያገኛል፤ በ2024–25 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነበር። ይህ ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ኖቫ በዓመት 30 ክሬዲት ቢወሰድ 6 ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ ሙሉ ፔል ያገኘ ልጅ የትምህርት ክፍያውን ሸፍኖ ለመጽሐፍ ይተርፈዋል። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ጂ3 የሚባል የስቴቱ ድጋፍ አለ። ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን ለማይበልጥ ተማሪዎች በአምስት የሙያ ዘርፎች የትምህርት ክፍያን ይሸፍናል። ከአምስቱ አንዱ የሕዝብ ደህንነት ነው። አማካሪው ቢሮ ስትገቡ «ጂ3 ይመለከተኛል ወይ?» ብላችሁ በስሙ ጠይቁ።

አንድ ቦታ ላይ ግን ብዙ ሰው ገንዘቡን ያቃጥላል። የነዋሪ ዋጋ የሚሰጠው ቨርጂኒያ ቢያንስ 12 ወር ለኖረና ኑሮውን እዚያ ላደረገ ነው። ትናንት ከሌላ ስቴት የመጣ ልጅ እጥፍ ገደማ ይከፍላል። ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ደግሞ የሚያየው ካውንቲ ነው። ከካውንቲው ውጭ የሚኖር፣ የሜሪላንድ ነዋሪም ቢሆን፣ የካውንቲውን ሰው እጥፍ ያህል ይጠየቃል። ስለዚህ ቤት ከመቀየራችሁ በፊት ይህን አስሉ።

አሁን ወደ ወንድሜ ልምጣ። የገባበትን የኦንላይን ትምህርት ቤት ስሙን አልጠራም። ማስታወቂያው ያምራል። የፖሊስ ልብስ የለበሰ ጎልማሳ፣ ከጀርባው ባንዲራ። ወንድሜ ማታ ፓርኪንግ ይሠራ ስለነበር «ቤትህ ሆነህ ትማራለህ» ሲሉት ደስ አለው። ወረቀቱን በስልክ አስፈረሙት። በአንድ ዓመት ተኩል 45 ክሬዲት ያዘ፤ ብድሩ 26 ሺህ ዶላር ደረሰ። ያኔ ነው ለእኔ የነገረኝ። ትራንስክሪፕቱን ይዘን ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሄድን። ከ45ቱ የተቀበሉት 6 ክሬዲት ብቻ ነው። አማካሪዋ ወረቀቱን ሁለቴ አየችውና ዝም አለች። ያ ዝምታ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ይህ የወንድሜ ብቻ ዕጣ አይደለም። ዌስትዉድ ኮሌጅ የሚባል ለትርፍ የሚሠራ ትምህርት ቤት ቺካጎ አካባቢ ክሪሚናል ጀስቲስ ያስተምር ነበር። በ2012 የኢሊኖይ ዋና ዐቃቤ ሕግ ከሰሰችው። ክሱ ተማሪዎቹን ፖሊስ ትሆናላችሁ እያለ እንዳሳሳታቸው ይላል፤ የቺካጎ ፖሊስና የኢሊኖይ ስቴት ፖሊስ የዚያን ትምህርት ቤት እውቅና አይቀበሉም ነበርና። የዲግሪው ዋጋ ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ትምህርት ቤቱ በ2016 ተዘጋ። በ2022 የፌዴራል መንግሥት የ79 ሺህ ተማሪዎችን 1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር ሰረዘ። ስድስት ዓመት ጠብቀው ማለት ነው።

ዕዳ ለፖሊስ አመልካች ከሌላው ሰው የበለጠ ይጎዳል። ይህን ማንም አልነገረንም ነበር። ፖሊስ ሊቀጥራችሁ ሲያስብ ታሪካችሁን ይመረምራል፤ ብድር እንዴት እንደምትከፍሉ የሚያሳየው ክሬዲት ሪፖርታችሁም ይታያል። ያልተከፈለ ብድር ጥያቄ ያስነሳል። ወንድሜ ሲያመለክት መርማሪው ከሁሉ በላይ ቆሞ የጠየቀው በጊዜያቸው ስላልተከፈሉ ሁለት የብድር ክፍያዎች ነው። ለሥራው ብሎ የተበደረው ገንዘብ ሥራውን ሊያሳጣው ደረሰ።

ደግሞ የቨርጂኒያ ሕግ ለፖሊስነት የሚጠይቀው ዝቅተኛ ትምህርት ሃይስኩል ነው። ፖሊስ የሚሠለጥንበት አካዳሚ ውስጥም ደመወዝ እየተከፈላችሁ ነው የምትሠለጥኑት። እና 26 ሺህ ዶላር ለምን ይወጣል? ኮሌጁ የሚጠቅመው እንግሊዝኛን ለማጠንከር፣ ሪፖርት መጻፍ ለመልመድ፣ ሕጉን ለማወቅና በኋላ ለዕድገት ነው። ለዚህ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይበቃል። ብዙ ቦታ ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩት ራሳቸው የቀድሞ ፖሊሶች ናቸው፤ ማታም ክፍል አለ።

ዩኒቨርሲቲ የሚያስፈልገው እንደ ኤፍቢአይ ያለ ቦታ ለሚያስብ ነው። ኤፍቢአይ ለወኪልነት የአራት ዓመት ዲግሪና የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ያም ሆኖ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምሮ ክሬዲቱን ይዞ ወደ ዩኒቨርሲቲ መሻገር ይቻላል። ኖቫና ሜሰን ከ2018 ጀምሮ አድቫንስ የሚባል የጋራ መንገድ አላቸው። ግን ስትመዘገቡ የዲግሪውን ዓይነት ተጠንቀቁ። ኤ.ኤ.ኤስ የሚባለው በቀጥታ ለሥራ የተዘጋጀ ነው፤ ኤ.ኤስ ለመሻገር ይቀላል። ሁለቱ በአንድ ፊደል ብቻ ስለሚለያዩ ብዙዎች ሳያስተውሉ ይመርጣሉ፤ ከዚያ ክሬዲት ይወድቅባቸዋል።

ዲሲ ለምትኖሩ ከሁሉ ርካሽ የሆነ መንገድ አለ። የዲሲ ፖሊስ ከ25 ዓመት በታች ለሆኑ የከተማዋ ወጣቶች የካዴት (የዕጩ ፖሊስ) ፕሮግራም አለው። ደመወዝ እየከፈለ በዩዲሲ (የዲሲ ዩኒቨርሲቲ) ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ያስተምራል። ሲጨርሱ ወደ አካዳሚ ያልፋሉ። ልጁ ዕድሜው ከፈቀደ እኔ ሌላውን ሁሉ ትቼ እዚያ ነው የምልከው።

የዜግነት ነገርም አለ። ቨርጂኒያ ውስጥ ፖሊስ ለመሆን በአጠቃላይ የአሜሪካ ዜግነት ይጠየቃል። ግሪን ካርድ ብቻ ያላችሁ መማር ትችላላችሁ፣ ፋፍሳም ትሞላላችሁ፤ ማመልከቻው ግን ዜግነቱን ይጠብቃል። ስለዚህ ያንን የጥበቃ ጊዜ በርካሽ ኮሌጅ ማሳለፉ ነው የሚያዋጣው።

የእኚያ እናት ልጅ ማክሰኞ አናንዴል ካምፓስ ሄዳ አማካሪ አነጋገረች። ማታ እናቷ ደውለው «ጂ3 ያልከውን ጠየቀች፤ ይመለከትሻል አሏት» አሉኝ። የኦንላይኑን ቁጥር ከስልኳ ላይ ዘግታዋለች። ወንድሜ በበኩሉ ከአሮጌው ብድር 11 ሺህ ዶላር ይቀረዋል፤ በየወሩ 15ኛው ቀን ላይ ሳያዛንፍ ይከፍላል።