ውሃ ቆጣቢው የሻወር ራስ፦ በባልዲና በቆጣሪ ሲለካ

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «ውሃዎን በግማሽ ይቀንሱ» ይላል። እኔ የካርቶን ወሬ አላምንም። ስለዚህ ባልዲና ሰዓት ይዤ ገባሁ። የድሮው የሻወር ራስ 10 ሊትሩን ባልዲ በ40 ሰከንድ ሞላው፤ በደቂቃ 15 ሊትር መሆኑ ነው። አዲሱ 75 ሰከንድ ፈጀበት። ይሄ በደቂቃ 8 ሊትር ነው። ካርቶኑ ብዙም አልዋሸም ማለት ነው።

ገጠማው ቀላል ነው። የድሮውን በእጅ ፈትቶ፣ የቧንቧው ጥርስ ላይ ቴፍሎን (ውሃ እንዳያፈስ የሚጠቀለለውን ስስ ነጭ ቴፕ) ጠቅልሎ፣ አዲሱን ማሰር ነው። ቧንቧ ሠራተኛ አያስጠራም።

ውሃው ይቀጥን ይሆን ብላችሁ ለምትሰጉ፦ ይሄኛው ከውሃው ጋር አየር ስለሚቀላቅል ገላ ላይ ደህና ይሰማል። ረጅም ፀጉር ያላት እህቴ ግን «ሻምፖው አልለቅ አለኝ» እያለች ታማርራለች። እውነቷን ነው። ለእሷ የመታጠቢያው ጊዜ ረዝሟል፤ ደቂቃው በረዘመ ቁጥር ደግሞ ቁጠባው ይበላል። ግፊቱ ደካማ የሆነበት ቤትም አይሆንም። እዚያ በፊትም የሚቆጠብ ብዙ ውሃ የለም።

ወደ ሂሳቡ እንምጣ። 1 ሜትር ኪዩብ 1,000 ሊትር ነው፤ የውሃ ሂሳቡም የሚመጣው በሱ ነው። ሦስት ሰው በየቀኑ ለ6 ደቂቃ ቢታጠብ፣ በደቂቃ 7 ሊትር ሲተርፍ፣ በ30 ቀን 3,780 ሊትር ይሆናል። 4 ሜትር ኪዩብ እንኳ አይሞላም። ያንሳል? እንደ ታሪፉ ነው። ፍጆታ ሲጨምር ዋጋውም በእርከን የሚወጣ ከሆነ፣ መጀመሪያ የሚቀነሰው ከላይኛው፣ ከውዱ እርከን ነው። ያኔ ልዩነቱ ይታያል። ቋሚ ክፍያው ግን ውሃ ተጠቀማችሁም አልተጠቀማችሁም ንቅንቅ አይልም። ውሃ የምታሞቁት በኤሌክትሪክ ከሆነ የመብራት ሂሳቡም ይቀንሳል፤ ካርቶኑ ይህንን አለመጻፉ ይገርመኛል፣ ከሁሉ የሚሻለው ጥቅሙ እሱ ነበር።

ታዲያ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። ቤት ውስጥ ያለውን ቧንቧ ሁሉ ዝጉና ቆጣሪው ጋ ሂዱ። ብዙ ቆጣሪዎች ላይ ትንሽዬ ኮከብ መሳይ ነገር አለች። ሁሉ ተዘግቶ እሷ የምትዞር ከሆነ የሆነ ቦታ ውሃ እያመለጠ ነው። መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ሽንት ቤቱን ይሁን። ማጠራቀሚያው ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ አድርጉና ፍላሽ ሳታደርጉ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ የውስጡ ጎማ አልቋል። ይሄ ድምፅ የሌለው ፍሳሽ ሌሊት ተኝታችሁም ይቆጥራል፤ ሻወሩ ያተረፈላችሁን በሙሉ ሊበላው ይችላል። ጎማው ደግሞ ከሻወር ራሱ በጣም ይረክሳል። ሽንት ቤታችሁ የድሮ ዓይነት ሆኖ በአንድ ፍላሽ 13 ሊትር የሚለቅ ከሆነም፣ 6 ሊትር ወደሚለቀው መቀየር ከዚህ ዕቃ ይቀድማል።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በቀዳዳዎቹ ምክንያት ነው። በጣም ጠባብ ስለሆኑ በውሃው ውስጥ ያለው ነጭ ዝቃጭ ቶሎ ይደፍናቸዋል። ኮምጣጤ ውስጥ ዘፍዝፎ በድሮ የጥርስ ብሩሽ መፈግፈግ ያስፈልጋል። ይህንንም ካርቶኑ ላይ አልጻፉትም።