ቼክ ኢንጂን (ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት) በራ፦ የመኪናው አምራች ወኪል ጋ ወይስ ሰፈር ጋራዥ?

ዋጋ፦ ወኪሉ ኪስ ያራቁታል። ጋራዥ ግን ትከራከራለህ፣ ዕቃውንም ራስህ ሶማሌ ተራ ወርደህ ትገዛለህ።

ቅለት፦ የሰፈሩ መካኒክ መመርመሪያ ማሽኑን መሪው ሥር ካለችው ሶኬት ሰክቶ የብልሽቱን ኮድ ያነብልሃል። አዲስ ቁልፍ ፕሮግራም ማድረግ ሲመጣ ግን የፋብሪካው ሶፍትዌር በሩን ሊዘጋበት ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ደግሞ የቅጂ መብት አለው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2015 የመኪናው ባለቤት ለጥገና ብሎ የሶፍትዌሩን መቆለፊያ እንዲያልፍ ፈቀደች፣ በ2018 ደግሞ ለጠጋኙም። (መኪናው የኔ፣ ሶፍትዌሩ የነሱ፤ ጉድ እኮ ነው!) እኛም ጋ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጥበቃ ይሰጣል።

ስጋት፦ ክራክ የተደረገ (መቆለፊያው የተሰበረ) ሶፍትዌር የመኪናውን ኮምፒውተር ሊያበላሽ ይችላል።

መኪናህ ዋስትና ላይ ከሆነ ወይም ኤሌክትሪክ ከሆነ ወኪሉ ይሻላል። አሮጌ ኮሮላ ከሆነ ሰፈር ይበቃሃል፤ የፍሬን ሸራ ለመቀየር ማንም ፈቃድ አይጠይቅህም።